የቀለጠው በረዶ ሒሳብ፦ የአንድ ውድ ኮክቴል ፊዚክስና ሥነ ልቦና

አንድ ደንበኛ ወደ አንድ ውድ የኮክቴል ቤት ገብቶ ዳይኪሪ የተባለውን መጠጥ አዘዘ እንበል። ባርማኑ 60 ሚሊ ሊትር ሩም፣ ከ22 ሚሊ ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ የሎሚ ጭማቂና የዚያኑ ያህል የስኳር ሽሮፕ በመስፈሪያ ለክቶ ሼከር በሚባለው የብረት መናጫ ውስጥ ጨመረ። በረዶ አከለበት፤ ለጥቂት ሴኮንዶች በኃይል ናጠው፤ አጥልሎም በትንሽ ብርጭቆ አቀረበ። ደንበኛው መጠጡን ወዶታል። ሒሳቡን ሲመለከት ግን ቅር ይለዋል፤ የከፈለው የአንድ እራት ዋጋ ያህል ሲሆን፣ ከብርጭቆው ውስጥ ሩብ ያህሉ ከበረዶው የቀለጠ ውሃ መሆኑን ያውቃልና። ታዲያ ይህ ሰው ተታሏልን?

ይህንን ለመመለስ በቅድሚያ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። ድብልቁ ከመናጡ በፊት 105 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የአንዱን ግራም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመቀነስም 3.9 ጁል ያህል መውሰድ ይጠይቃል። መጠጡ ከ22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተነሥቶ ከዜሮ በታች ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ልዩነቱ 27 ዲግሪ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ብናባዛ 11,000 ጁል ገደማ እናገኛለን። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ስለሚወስድ፣ ይህን ሁሉ ሙቀት ለመውሰድ 33 ግራም በረዶ መቅለጥ አለበት ማለት ነው። መናጫው ራሱ የያዘውን ሙቀትና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችን ትተናል፤ ውጤቱ ግን በተግባር ከሚታየው ብዙም አይርቅም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር ውሃው ማጭበርበሪያ አለመሆኑን ነው። የሚያቀዘቅዘው የበረዶው መኖር ሳይሆን መቅለጡ ነው፤ ያልቀለጠ በረዶ ያላቀዘቀዘ በረዶ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። «በደንብ ይቀዝቅዝልኝ፣ ግን ውሃ እንዳይገባበት» ብሎ የሚያዝ ደንበኛ ከባርማኑ ጋር ሳይሆን ከቴርሞዳይናሚክስ ጋር ይጣላል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ መጠጡን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እንዴት ሊያደርሰው ይችላል? መልሱ በበረዶው ገጽ ላይ ከሚካሄደው ምልልስ ይገኛል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ ከበረዶው ተላቅቀው ወደ ፈሳሹ የሚገቡት ሞለኪውሎችና ከፈሳሹ መጥተው በበረዶው ላይ የሚጣበቁት በቁጥር እኩል ናቸው። አልኮልና ስኳር ሲገቡ ግን በፈሳሹ ውስጥ ያለው የውሃ ሞለኪውል ድርሻ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ በረዶው የሚመለሱት ያንሳሉ። የሚላቀቁት ግን እንደቀድሞው ይቀጥላሉ። መቅለጥ ያመዝናል፤ ለመቅለጥ የሚያስፈልገውም ሙቀት ከሌላ ቦታ ስለማይመጣ ከፈሳሹና ከራሱ ከበረዶው ይወሰዳል። ሁለቱም አብረው እየቀዘቀዙ ሄደው ምልልሱ እንደገና እኩል በሚሆንበት ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። ማንም ከውጭ ሳያቀዘቅዘው በረዶ ራሱን ሲያቀዘቅዝ ማየት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከመጠጡ ይልቅ የሚደንቅ ነገር ነው።

የበረዶውን ጉዳይ እንደ ቁም ነገር የያዘው ማን ነበር ቢባል፣ በኒው ዮርክ ሳሻ ፔትራስኪ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የከፈተው ሚልክ ኤንድ ሐኒ የተሰኘው መጠጥ ቤት በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ስሙ በበሩ ላይ አልተጻፈም፤ ደንበኞች አስቀድመው በስልክ ቦታ መያዝ ነበረባቸው። መጮህ የተከለከለ ነበር፤ ወንዶችም የማያውቋቸውን ሴቶች ቀርበው ራሳቸውን እንዳያስተዋውቁ ደንቡ ያዛል። በብርጭቆ ውስጥ ከመጠጡ ጋር የሚቀርበው በረዶም ከትልቅ ግግር የተቆረጠ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፤ ፔትራስኪም እ.ኤ.አ. በ2015 አርፏል። ልማዱ ግን በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ትልቅ በረዶ የሚመረጥበት ምክንያት በቀላል ጂኦሜትሪ ይታያል። እያንዳንዱ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኩብ 125 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘትና 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር የገጽ ስፋት አለው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ስምንት ኩቦች ብንከፍለው ይዘቱ አይለወጥም፤ የገጽ ስፋቱ ግን 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መቅለጥ የሚካሄደው በገጽ ላይ በመሆኑ፣ ደንበኛው ቀስ እያለ እየተጨዋወተ ለሚጠጣው መጠጥ አንዱ ትልቅ ኩብ ይሻላል። በረዶው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ መሆኑ ግን ለዓይን እንጂ ለቅዝቃዜው የሚጨምረው ነገር የለም።

ከፊዚክሱ አልፈን ወደ ደንበኛው አፍ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ጣፋጭነትን በሚለዩት የምላስ ሕዋሳት ውስጥ ትሪፕ ኤም 5 በመባል የሚታወቅ የፕሮቲን በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ በር ሙቀት ሲጨምር ይበልጥ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዝግታ ይሠራል። ስለዚህ ያው የስኳር መጠን በቅዝቃዜ ጊዜ እምብዛም አይጣፍጥም። ባርማኑ ሎሚውንና ስኳሩን የሚያመጣጥነው ከዜሮ በታች ላለው መጠጥ ነው፤ ደንበኛው ጨዋታ ይዞ ግማሽ ሰዓት ቢያቆየው የመጨረሻው ጉንጭ ሽሮፕ ሽሮፕ ይለዋል። ይህም የባርማኑ ጥፋት አይደለም።

ከምላስም ይልቅ አንጎል ለማመን ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት፣ በቦርዶ የወይን ጠጅ አሠራር የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው፤ ሽታውንም ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን በአንጎል መቅረጫ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ወይን አቀመሷቸው። ያው ወይን አንድ ጊዜ 90 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 10 ዶላር ነው ተባለ። ቀማሾቹ ውዱ ይበልጥ እንደጣማቸው ተናገሩ፤ ከዓይን ጉድጓዶች በላይ ባለውና ከደስታ ስሜት ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍልም እንቅስቃሴው ጨምሮ ታየ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ በእርግጥ ጥሟቸዋል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ግን ከ6,000 በላይ ዋጋው ያልተነገረባቸው ቅምሻዎች ተመርምረው፣ ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ውዱን ወይን በጥቂቱም ቢሆን ይበልጥ አለመውደዳቸው ተገኝቷል። እኛም ብንሆን ጠጅ ከብርሌ ይልቅ በፕላስቲክ ኩባያ ቢቀርብልን የሚሰማንን እናውቃለን።

ድምፅም ድርሻ አለው። በምዕራብ ፈረንሳይ በሚገኙ ሁለት መጠጥ ቤቶች በ40 ወንዶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ የሙዚቃው ድምፅ ከ72 ወደ 88 ዴሲቤል ከፍ ሲል አንዱን ብርጭቆ ቢራ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ከ14 ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ 11 ደቂቃ ተኩል ገደማ ማጠሩን አመልክቷል። በዚህ ረገድ ጸጥታን በደንብ ያስከበረ ቤት ለደንበኛው ጥሩ አድርጓል።

እስካሁን የተነጋገርነው ደንበኛው ስለሚያጣጥመው ነገር ነው። የማያጣጥመው ደግሞ አለ። ሩሙ 40 በመቶ ከሆነ በብርጭቆው ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 19 ግራም ያህል ኢታኖል አለ። 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ የሚይዘው 13 ግራም ነው። እንግዲህ ያ ትንሽ ብርጭቆ አንድ ጠርሙስ ተኩል ቢራ ነው። ከላይ ያየነው ሁሉ ግን ይህን መጠን ለመሸሸግ ይተባበራል፤ ቅዝቃዜው የአልኮሉን ትነትና ሽታ ይቀንሳል፤ ስኳሩና ሎሚው ማቃጠሉን ያለዝባሉ፤ የቀለጠው ውሃ የአልኮሉን ድርሻ ከ23 ወደ 17 በመቶ ገደማ ያወርደዋል፤ የግራሙን ብዛት ግን ፈጽሞ አይነካም። ቅር ያለው ደንበኛ «ግማሹ ውሃ ነው» ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲያዝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት በአማካይ 7 ግራም ገደማ ኢታኖል ያስወግዳል፤ ለአንዱ ብርጭቆ ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የጠጣ ሰው 57 ግራም ተቀብሎ 50 ያህሉን በሰውነቱ ይዞ ወደ መኪናው ይሄዳል።

ትምህርቱን ያለ አልኮል መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ አንድ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትርና ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይበቁታል። 80 ግራም ውሃ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይቀላቅሉ፤ ይመዝኑ፤ ይቅመሱ። ከዚያም በረዶ ጨምረው ይናጡና አጥልለው እንደገና ይመዝኑ። የክብደቱ ጭማሪ የቀለጠው በረዶ ነው፤ በ334 ቢያባዙት የተወሰደውን ሙቀት በጁል ያገኛሉ። ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ቀንሶ ያገኙታል፤ ከፊሉ በውሃው፣ ከፊሉ በቅዝቃዜው ነው። ጥቂቱን ለይተው እስኪሞቅ ቢያቆዩትና ደግመው ቢቀምሱት የሁለቱን ድርሻ መለየት ይችላሉ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ እምብዛም ዝቅ አይልም፤ ወደ 5 ዲግሪ የሚያወርደው አልኮሉ በዕቃው ውስጥ የለምና።