የገፊ ኃይልን አቅጣጫ መቀየር፦ የፎም ጀት ሞዴል በዲላ አየር

ከፎም የተቀረጸ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚገፋና በሬድዮ የሚመራ የጀት ሞዴል አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ መሪውን የያዘው ሰው አንድ የማያስደስት ነገር ያጋጥመዋል። እንጨቱን እስከ መጨረሻው ቢስበውም ሞዴሉ አይታዘዝም። የጭራው መቅዘፊያ በእርግጥ ዞሯል፤ ዳሩ ግን የሚገፋው በቂ አየር የለም። ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ጭራውን ማተለቅ ሳይሆን የሞተሩን ገፊ ኃይል ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር እናያለን። ከዚያም አካባቢያችንን የሚመለከት ጥያቄ እናነሳለን፦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ዲላ፣ ይልቁንም በጌዴኦ ደጋ፣ አየሩ መሳሳቱ ይህን ዘዴ ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋልን?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው የጭራውን ሥራ በገዛ እጁ ሊረዳው ይችላል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መዳፍን በመስኮት አውጥቶ ጥቂት ቢያዘነብሉት እጅ ወደ ላይ ይገፋል። መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘግም ግን ያው መዳፍ፣ በዚያው ማዕዘን፣ ምንም ያህል አይገፋም። ኃይሉ የሚለዋወጠው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ነውና ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። የሞተሩ ገፊ ኃይል ግን አውሮፕላኑ ቆሞም ቢሆን አለ። የዘዴው ምስጢር በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተተኮሰው የጀርመን ቪ-2 ሮኬት፣ ክንፎቹ ገና ሥራ ሊሠሩ በማይችሉበት የመነሻ ፍጥነት ሚዛኑን የጠበቀው በሚወነጨፈው ጋዝ ውስጥ በተተከሉ የግራፋይት መቅዘፊያዎች ነበር። በ1960 እንግሊዞች ከመሬት ቀጥ ብሎ የሚነሳውንና ለሃሪየር መሠረት የሆነውን አውሮፕላን በአራት ተዟዟሪ ኖዝሎች አንጠለጠሉት። በ1993 ደግሞ አሜሪካና ጀርመን በጋራ የሠሩት ኤክስ-31 አፍንጫው ከሚሄድበት አቅጣጫ 70 ዲግሪ ያህል ተቀስሮ ሳለ 180 ዲግሪ ሊዞር ችሏል። በዚያ ማዕዘን ክንፉ ስቶል ውስጥ ገብቷል፤ ማለትም አየሩ ከክንፉ ገጽ ተላቅቋል። አውሮፕላኑን ያዞሩት በኖዝሉ ዙሪያ የተተከሉት ሦስት የካርቦን መቅዘፊያዎች ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተማሪ ልብ የሚሞላ አንድ ምዕራፍ አለ። በእስራኤል የቴክኒዮን ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ቤንያሚን ጋል-ኦር በ1980ዎቹ ማብቂያ ይህን ዘዴ ያጠኑት በሬድዮ የሚመሩ አነስተኛ የጀት ሞዴሎችን በማብረር ጭምር ነው። ስለዚህ የፎም ሞዴልን የልጅ መጫወቻ ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ስሕተት እናርም። የሱኮይ ቤተሰብ ተዋጊ ሁሉ ኖዝሉን የሚያዞር ይመስላቸዋል ብዙዎች። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቀው ሱ-27 ኖዝሉ የመውጫውን ስፋት ይለዋውጣል እንጂ አቅጣጫ አይቀይርም። አቅጣጫ የሚቀይር ኖዝል ያላቸው እንደ ህንዱ ሱ-30 ኤምኬአይ ያሉ ኋላ የመጡ ዝርያዎች ናቸው። ሞዴል ሠሪ የሱ-27ን ቅርጽ ወስዶ ተዟዟሪ ሞተር ቢገጥምለት ከዋናው አንድ ደረጃ ቀድሞታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ሞዴላችን 600 ግራም ይመዝን፤ ስለዚህ ክብደቱ 5.9 ኒውተን ነው። ሞተሩ ከጭራው ኋላ ተቀምጦ ዲላ ላይ 6 ኒውተን ገፊ ኃይል ይስጥ። የአግድም ጭራው ስፋት 0.03 ስኩዌር ሜትር ነው። ጭራውም ሞተሩም ከክብደት ማዕከሉ 0.3 ሜትር ያህል ይራቁ። ሞተሩን 15 ዲግሪ ብናዘነብል የጎን ኃይሉ 6 ሲባዛ በሳይን 15 ዲግሪ፣ ማለትም 1.55 ኒውተን ይሆናል። በ0.3 ሜትር ሲባዛ 0.47 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጠናል። ለዚህ የምንከፍለው ዋጋ አነስተኛ ነው፤ የ15 ዲግሪ ኮሳይን 0.966 ስለሆነ ወደ ፊት ከሚገፋው ኃይል የሚጎድለው ከመቶ 3.4 ብቻ ነው።

የጭራውን ኃይል ለማግኘት የአየሩን እፍጋት ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር፣ በጭራው ስፋትና መቅዘፊያው በመዞሩ በሚጨምረው የማንሻ ኮፊሸንት እናባዛለን። ኮፊሸንቱን 0.5፣ የዲላን ሞቃት ቀን እፍጋት 0.98 ኪሎግራም በሜትር ኩብ እንውሰድ። በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት ጭራው የሚሰጠው 0.18 ኒውተን ብቻ ነው። በ10 ሜትር 0.74፣ በ15 ሜትር ደግሞ 1.65 ኒውተን ይሆናል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በሰከንድ 14.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 52 ኪሎሜትር ላይ ነው። ከዚህ በታች የበላይነቱ የሞተሩ ነው፤ በ5 ሜትር ላይ ከስምንት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ገፊ ኃይሉ ፍጥነት ሲጨምር ጥቂት ስለሚቀንስ እኩል የሚሆኑበት ፍጥነት በተግባር ከዚህ ዝቅ ይላል።

ከዚሁ ቁጥር ሌላም ትምህርት እናገኛለን። በ15 ሜትር ፍጥነት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢሠሩ የማዞር ኃይሉ እጥፍ ያህል ሆኖ ሞዴሉ በጥቂት የጣት ንቅናቄ ይገለበጣል። ስለዚህ የሞተሩን መዘንበል በማብሪያና ማጥፊያ መለየት፣ በፍጥነት ሲበር ማጥፋት ይገባል።

የአየሩን መሳሳት በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አስተያየት «አየሩ ሲሳሳ ጭራው አቅም ስለሚያጣ በከፍታ ቦታ የሞተሩ መዘንበል ይበልጥ ይጠቅማል» የሚል ነው። ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ግማሹ ስሕተት ነው። በ1,570 ሜትር ከፍታና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ እፍጋት 80 በመቶ ያህል ነው። ሞዴሉ አየር ላይ ለመቆየት ክብደቱን የሚሸከም አንሺ ኃይል ያሻዋል፤ ክብደቱ ደግሞ በከፍታ አልቀነሰም። ስለዚህ አየሩ በሳሳ መጠን በፍጥነት መብረር ይኖርበታል፤ ዝቅተኛው የመብረሪያ ፍጥነቱ በ12 በመቶ ይጨምራል። በዚያ በጨመረው ፍጥነት ላይ ጭራው የሚያገኘው ኃይል በባሕር ጠለል በዝቅተኛው ፍጥነት ያገኝ ከነበረው ጋር ፍጹም እኩል ነው። ፍጥነቱ የእፍጋቱን ጉድለት ሞልቶታል። በአንጻሩ የሞተሩ ገፊ ኃይል በተመሳሳይ የፕሮፔለር ዙር ከእፍጋቱ ጋር አብሮ በ20 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ በስቶል አፋፍ ላይ ከፍታው አቅም ያሳጣው ጭራውን ሳይሆን ሞተሩን ነው።

የዚህ ውጤት ጎልቶ የሚታየው ሞዴሉን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ማንጠልጠል በተፈለገ ጊዜ ነው። በባሕር ጠለል 7.5 ኒውተን የሚሰጥ ሞተር የ5.9 ኒውተኑን ሞዴል በሰፊ ትርፍ ያንጠለጥለዋል፤ የገፊ ኃይልና የክብደት ንጽጽሩ 1.27 ነው። ዲላ ላይ 6 ኒውተን ሲሆን ንጽጽሩ 1.02 ይደርሳል። ሞዴሉ ይንጠለጠላል፤ ሆኖም የትርፉ መጠን ከ15 ዲግሪ መዘንበል ከሚያጎድለው 3.4 በመቶ ያነሰ ስለሆነ፣ መሪው ሞተሩን አዘንብሎ በቆየ ቁጥር ሞዴሉ ወደ መሬት ይሰምጣል። ወደ ቡሌ ደጋ ወጥተን በ2,800 ሜትር ላይና በ15 ዲግሪ ሙቀት ብናስበው እፍጋቱ 71 በመቶ፣ ገፊ ኃይሉ 5.3 ኒውተን፣ ንጽጽሩም 0.9 ይሆናል። እዚያ ሞዴሉ እንደ ማንኛውም አውሮፕላን በክንፉ መብረር ይችላል፤ መንጠልጠል ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ። ቱርቦ የሌለው የጭነት መኪና ከዲላ ወደ ቡሌ ዳገቱን ሲወጣ የሚደክመው ነዳጁን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ስለሚያንሰው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከባትሪው የሚያገኘው ኃይል ደጋም ቆላም ያው ነው። የደከመው ሞተሩ ሳይሆን ፕሮፔለሩ የሚጨብጠው አየር ነው። ስለሆነም መድኃኒቱ ፕሮፔለሩን ማሳደግ ነው። ገፊ ኃይል ከፕሮፔለሩ ዲያሜትር አራተኛ ፓወር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ የዲላን 20 በመቶ ጉድለት ለመሙላት ባለ 20 ሴንቲሜትሩን ፕሮፔለር በተመሳሳይ ቅርጽ ወደ 21.1 ማሳደግ በቂ ነው። ለቡሌ 21.8 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት በባሕር ጠለል ከነበረው ለዲላ በ6 በመቶ፣ ለቡሌ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ አየር ሞተርን በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሞተሩን በእጅ እየዳሰሱ ሙቀቱን መከታተል ይበጃል።

አንባቢ «ጀት ከሆነ ለምን ፕሮፔለር? በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ፋን አይሻልም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በመልክ ፋኑ ይበልጣል። ነገር ግን 6 ኒውተን ለማግኘት በቲዎሪ ብቻ ባለ 20 ሴንቲሜትር ፕሮፔለር 59 ዋት ሲበቃው፣ 64 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ፋን 130 ዋት ያህል ይፈልጋል። ጥቂት አየርን በታላቅ ፍጥነት መወርወር ብዙ አየርን በዝግታ ከመግፋት ይልቅ ጉልበት ይፈጃል። በስስ አየር ለመንጠልጠል የሚሻ ሰው፣ በእኛ አስተያየት፣ መልኩን ትቶ ፕሮፔለሩን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ፋኑ የሚያሸንፍበት አንድ ነጥብ ግን አለ። በፋን ሞዴል የሚዘነብለው ቀላል ኖዝል ብቻ ነው፤ በፕሮፔለር ሞዴል ግን የሚዘነብለው እየተሽከረከረ ያለ አካል ነው። የሚሽከረከር አካል እንደ ጋይሮስኮፕ አቅጣጫው ሲቀየር ይቃወማል፤ ተቃውሞውም ከተዘነበለበት አቅጣጫ ጋር ዘጠና ዲግሪ በሚሠራ አቅጣጫ ይወጣል። ፕሮፔለሩና የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል የኢነርሺያ ሞመንታቸው 0.00003 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር ሆኖ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞሩ የማዕዘን ሞመንተማቸው 0.031 ይሆናል። ሞተሩ በድንገት 15 ዲግሪ ሽቅብ ሲዘነብል ከዚህ ውስጥ 0.008 ያህሉ ወደ ሞዴሉ አካል ይተላለፋል። በጎን መዞርን የሚቃወመው የሞዴሉ ኢነርሺያ 0.024 ቢሆን፣ አፍንጫውን ሽቅብ ለማንሳት ብቻ የታዘዘው ሞዴል በሰከንድ 19 ዲግሪ ያህል በጎን መዞር ይጀምራል። ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ምቱ በተቃራኒው ይደገማል። ብዙ ጀማሪ ይህን የግንባታ ጉድለት አድርጎ ይወስደውና ያልተጣመመውን ክንፍ ሲያቃና ይውላል። ፈውሱ ቀላል ፕሮፔለር መምረጥ፣ ሰርቮው በዝግታ እንዲዞር ማድረግ፣ ወይም ማዘንበያውን በሁለት አቅጣጫ ሠርቶ ምቱን በጎን መዘንበል ማረም ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ብዙ አንልም። ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ማሸጊያ የሚገኘው ነጭ ፎም ለአካሉ ይበቃል። በጫማ ሠሪዎች ዘንድ የሚገኘው ማስቲሽ ግን ይህን ፎም ያቀልጠዋል፤ የአናጺ ነጭ ኮላ ጊዜ ቢወስድም አይጎዳውም። ለክንፉ አጥንት የሚሆን የካርቦን ዘንግ ከመፈለግ ይልቅ ከጌዴኦ ደጋ የሚገኘውን ቀርከሃ በስሱ ሰንጥቆ ማድረቅ ይቻላል። ሞተሩ ኋላ ስለሚቀመጥ ባትሪው ወደ አፍንጫው መጠጋት አለበት፤ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ሞዴል በምንም ዓይነት ሞተር አይገራም። ሞተሩ የሚታሰርበት ማጠፊያ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በፎሙ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ንቅናቄው ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ስለዚህ በቀጭን ኮምፖንሳቶ ላይ ተሰክቶ ሸክሙ ወደ ቀርከሃው መተላለፍ ይኖርበታል።

በአገራችን ሰው አልባ በራሪዎችን ለማብረር ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከላይ ያየነው ስሌት ግን አብዛኛው በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ሊረጋገጥ ይችላል። ሞዴሉን በክብደት ማዕከሉ በኩል በሚያልፍ ዘንግ ላይ እንደ ሲሶ አንጠልጥሎ፣ ከዘንጉ 0.3 ሜትር በሚርቀው የኋላ ክፍሉ ሥር ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ማስቀመጥ ነው። ከፕሮፔለሩ ኋላና ጎን ማንም መቆም የለበትም። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሙሉ ዙር ሲሽከረከር የሚነበበውን ወስደን፣ ከዚያ ጭራውን ወደ ታች በሚገፋ አቅጣጫ 15 ዲግሪ ስናዘነብለው ንባቡ በ158 ግራም ገደማ መጨመር አለበት። በጣም ካነሰ ማጠፊያው እየተለመጠ ነው ማለት ነው።

ሞተሩን ብቻውን ቀጥ አድርጎ ሚዛኑን ወደ ታች እንዲጫን ማሰርና በሁለት ቦታ መለካትም ይቻላል። በስሌታችን መሠረት ሚዛኑ ዲላ ላይ 612 ግራም፣ ቡሌ ላይ 543 ግራም ማንበብ አለበት። የቡሌው ንባብ ከዚህ ጥቂት ከፍ ቢል ስሌቱ ተሳስቷል ለማለት አንቸኩል፤ በስስ አየር የፕሮፔለሩ ሸክም ስለሚቀል ሞተሩ ከዲላው ይልቅ በፍጥነት ይዞራል፣ እኛ ደግሞ ዙሩን እኩል አድርገን ነበር ያሰላነው። በየቦታው ዙሩን የሚለካ መሣሪያ ያለው ተማሪ ልዩነቱ በሙሉ ከዚህ የመጣ መሆን አለመሆኑን ሊለይ ይችላል።