የጭቃ ቤት አሠራርና አጠባበቅ

ሐርጌሳ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 በጦርነት ከፈረሰች በኋላ፥ ከ1991 ጀምሮ ከስደት የተመለሰው ድኻ ሕዝብ መጠለያውን የሠራው ባገኘው ነገር ነው። የገቦዬ ወገኖች በብዛት በሚኖሩበት በዳሚ ሰፈርም እንዲሁ ሆነ። እንጨት ጎብጦ በጨርቅና በቆርቆሮ ቁራጭ የሚሸፈን ጎጆ ግን ከፀሐይም ከነፋስም በደንብ አያድንም። ከዚህ የሚሻለው ሶማሌዎች አሪሽ፥ የደጋው ሰው ጭቃ ቤት የሚሉት ነው፤ ይኸውም ቋሚው እንጨት በማገር ተያይዞ ጭድ በገባበት ጭቃ የሚመረግ ቤት ነው።

ጭቃ ቤት አይበረክትም ሲባል ይሰማል። ነገር ግን ቤቱን የሚያፈርሰው ጭቃው ሳይሆን ከሥርና ከላይ የሚገባበት ውሃ ነው። ስለዚህ ሠሪው የሚከተለውን ይጠብቅ።

1ኛ፤ መሠረት። ግድግዳው ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ ካብ ላይ ይቁም። ጎርፍ አይነካውም፤ ምስጥም ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱ በድንጋዩ ላይ ስለሚታይ በጊዜ ይጠረጋል።

2ኛ፤ ጭቃ። ሸክላነቱ የበዛ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ የበዛበትም ይረግፋል። ሁለቱ ተመጣጥነው ይቀላቀሉ። ደገኛው የጤፍ ጭድ ይጨምርበታል፤ በሐርጌሳ አካባቢ ግን በገቢሌ በኩል የሚመረተው የማሽላ አገዳ ደቅቆ ተከትፎ ይተካዋል። ጭዱ ስንጥቁን ይይዛል። ጭቃው በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀን ሲቦካ ይበልጥ ይጣበቃል።

3ኛ፤ እንጨት። በዚያ አገር ግራሩ ለከሰል ስለ ተመናመነ እንጨት ውድ ነው። እንግዲህ ግድግዳውን በእንጨት ቅርጽ ተመትቶ በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ መሥራት፥ እንጨቱንም ለጣራ፥ ለበርና ለመስኮት መቈጠብ ብልኅነት ነው።

4ኛ፤ ጣራ። ክዳኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጠፈጠፉ ልስኑን እንዳያጥበው ነው።

5ኛ፤ እድሳት። በሚያዝያ ገደማ የሚጀምረው የጉ ዝናም ሳይደርስ ስንጥቁ ሁሉ ይመረግ። በማሊ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907 የተሠራው የጄኔ መስጊድ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው ሕዝቡ በየዓመቱ እየተሰበሰበ ስለሚመርገው ነው።

ባለጠጋ ቤቱ ቢፈርስበት ሌላ ይሠራል፤ ድኻ ግን ያጠራቀመውን ሁሉ የሚያፈሰው በአንዱ ቤት ነው። ለድንጋዩ ካብና ለጣራው ክፈፍ የሚወጣው ጥቂት ወጪ ይህን ሀብቱን ይጠብቅለታል።