ምዕራፍ 7፦ ክራርን ኤም.አይ.ቲ. ያደረሱ ሰው

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አንሱና አፉ ላይ በጎን በኩል እፍ በሉበት። ወፍራም ድምፅ ይወጣል። ግማሹን ውኃ ሙሉትና ድገሙት፤ ድምፁ ይቀጥናል። የተቀየረው ውስጡ ያለው አየር ብቻ ነው። አየሩ ሲያንስ ንዝረቱ ይፈጥናል፣ ንዝረቱ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። ይህን በገዛ ጆሮው የሰማ ሰው ስለ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ የምጽፈውን ለመረዳት ሌላ ፊዚክስ ብዙም አያስፈልገውም።

ጋሽ ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ ሲላኩ የታሰበላቸው ምህንድስና ነበር። ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ሳሉ ግን ሙዚቃ አሸነፋቸው። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ገቡ፤ በበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪም ሆኑ። ታሪካቸው ሲወራ «ምህንድስናውን ትተው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የመረጡትን መሣሪያ፣ ቫይብራፎንን፣ እዩት።

ቫይብራፎን በዱላ የሚመቱ የአሉሚኒየም ዝርግ ብረቶች አሉት። ከያንዳንዱ ሥር ታችኛው ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ይንጠለጠላል። ቱቦው በዘፈቀደ አይቆረጥም፤ ርዝመቱ ከድምፁ ሞገድ ሩብ ያህል መሆን አለበት። በሴኮንድ 440 ጊዜ ለሚነዝረው ብረት 19 ሳንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ልኩ ከተሳተ አየሩ ከብረቱ ጋር አብሮ አይነዝርም፣ ድምፁም ይደክማል። ቱቦዎቹ አፍ ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከሩ ስስ ክብ ክዳኖች አሉ። አፉን ሲከፍቱና ሲዘጉ ድምፁ ይርገበገባል።

ጋሽ ሙላቱ ይህን መሣሪያ ይዘው የገጠሙት ችግር ከባድ ነበር። ምዕራባዊው ሙዚቃ አንዱን ኦክታቭ 12 ቦታ ይከፍለዋል፤ የኛዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ከዚያ አምስት አምስቱን ይመርጣሉ። አሥራ ሁለቱንም እንዳሻው የሚጨምር ሰው ትዝታን ትዝታ የሚያሰኘውን ነገር ያጠፋዋል። እሳቸው ዜማውን በቅኝቱ አቆዩት፤ የጃዙን ስምምነት ከሥሩ አስገቡ፤ ቅኝቱን እንዳይውጠው ግን እየጠበቁ። ኒው ዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት አልበም አወጡ፤ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ተከተለ። አገር ቤት ሲመለሱ ሁሉም በእልልታ አልተቀበላቸውም። ዓለም በስፋት የሰማቸው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ሥራዎቻቸውን ካስገባ በኋላ ነው። ከ1972 ቢቆጠር 33 ዓመት! እዚህ አገር ፈጠራ ይዞ «ማን ሰማኝ?» ለሚል ወጣት ይህን ቁጥር ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው ግን ባለውለታዎቻቸውን መጥራታቸውን ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉትን የደራሼ ሰዎች ሳይንቲስቶች ይሏቸዋል። ፊላ በሚባለው ጨዋታቸው የቀርከሃ ዋሽንቶቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ያስገባል፣ ዜማው የሚሞላው በሁሉም ነው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ይሰጣል። የቫይብራፎን ቱቦ የሚቆረጥበት ሕግ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሃርቫርዱ ራድክሊፍ ተቋም የአገር ባህል መሣሪያዎችን ስለ ማዘመን ሠሩ። የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ኤም.አይ.ቲ.ም ተጋባዥ አርቲስት አድርጓቸው፣ ዘመናዊ ክራር እንዲሠራ ለዩኒቨርሲቲው ሚዲያ ላብ ምክር ሰጡ። የክራር ችግር ቀላል ይመስላል። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ቅኝት ለመቀየር ክሮቹን እንደገና ማክረርና ማላላት ግድ ነው። ታዲያ ለምን ክር አይጨመርም? እያንዳንዱ ክር ቀንበሩን ይስባል፣ ቆዳውንም ይጫናል። ጫናው ሲበዛ ቆዳው እንደ ልቡ አይነዝርም፤ ያኔ ድምፁ የክራር መሆኑ ይቀራል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክራር የሚለማመዱ ልጆች አውቃለሁ። ብዙዎቹ ደረጃው ላይ መጫወት ይወዳሉ፤ ባዶው ኮንክሪት ድምፁን እየመለሰ ያስረዝምላቸዋል። ለመቃኘት ግን መጋረጃና ሶፋ ያለበት ክፍል ይሻላል፤ የግድግዳው ድምፅ ከክሩ ድምፅ ጋር አይቀላቀልባችሁም። ክራር ካላችሁ ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ ጫኑና ክራሩን በትዝታ ሜጀር ቃኙት። የእያንዳንዱን ክር ንዝረት ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ የቅኝቱን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ ብቻ በግማሽ ድምፅ አላሉ። ግማሽ ድምፅ ማለት ንዝረቱን 6 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው፤ 440 የነበረው 415 ይሆናል። ክራሩ ወደ ትዝታ ማይነር ተሻገረ። አሁን የክሮቹን ማክረሪያ ሳትነኩ፣ ሁለቱን ክሮች ብቻ በአንድ ጊዜ የሚያላላና የሚመልስ ነገር ከምን እንደምትሠሩ አስቡበት፤ ከደብተሩ በሚቀጥለው ገጽም ንድፉን ሣሉት።