የጌጥ ዛፍ ከውጭ ልታስገባ ላሰብከው ልጄ

ልጄ፣ ቅጠሉ ያማረ የሞቃት አገር ዛፍ ዘር አስመጥተህ ችግኝ ልታፈላ መሆኑን ሰማሁ። አትቸኩል፤ አስቀድመህ ይህን ስማኝ።

1. ዛፉ ሌላ አገር ገብቶ ምን እንዳደረገ ጠይቅ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አታገኝም። ሚኮኒያ የሚሉት ዛፍ የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ሰፊው ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ሐምራዊ ስለሆነ ያየው ሁሉ ይመኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በታሂቲ ደሴት ለጌጥ ተተከለ። ዛሬ ከደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይዟል። ጥላው ከባድ ነው፤ ከሥሩ የነበሩት የአገሩ ዕፅዋት ብርሃን አጥተው ይጠፋሉ። ሥሩ ጥልቀት ስለሌለውም ዳገቱ ለመሬት መንሸራተት ይጋለጣል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ እዚያ ያሉት ዕፅዋት ብዙዎቹ ሌላ አገር የላቸውምና።

2. ዝም ማለቱ አያታልልህ። የታሂቲው ወረራ በግልጽ የታወቀው ዛፉ ከተተከለ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ መሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ያው ዛፍ ለጌጥ ሃዋይ ገባ። «ጎረቤቴ ግቢ 20 ዓመት ቆሞ ምንም አላደረገም» ቢሉህ አትቀበል።

3. ፍሬውን ማን እንደሚበላ እይ። ሚኮኒያን ወፎች ይበሉታል፤ ደቃቃ ዘሩንም ገደል ድረስ ያደርሱታል። ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ዛፍ ብቻውን ይበቃዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ዛሬ ቆርጠህ የጣልከው ነገ ይበቅላል። አጥርህ ወፍ አያግድም፣ ልጄ።

4. ግምትህን በነጥብ አስቀምጥ። አውስትራሊያውያን የአንድን ተክል ወራሪነት የሚገምቱባቸው 49 ጥያቄዎች አሏቸው፤ ሌሎች አገሮችም ለራሳቸው አስማምተው ይሠሩባቸዋል። የመልሶቹ ነጥብ ድምር ከ6 በላይ ከሆነ ተክሉ አይገባም፤ ከ1 በታች ከሆነ ይገባል፤ መሃል ላይ ያለው እንደገና ይጠናል። መልሱን የማታውቀውን ባዶ ተወው እንጂ አትገምት።

5. አበባው አምሮ በሰው እጅ ዓለምን የዞረው እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ባሕር ዳር ወርደህ አይተሃል። ስለዚህ ከውጭው በፊት የአገርህን ሞክር፤ ቀይ አበባ ከፈለግህ ኮርች አለ፣ ሐምራዊ ከፈለግህ ብርብራ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። የውጭውን ካልተውክ ግን ጥያቄዎቹን ሞልተህ አምጣልኝ፤ ባዶ የቀሩትን አብረን እናያለን።