ልማድን ለመጠየቅ ከምቾት መውጣት

ጥያቄ፦ ሁሉም የሚኖረውን ኑሮ እየኖሩ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ልማድ በደንብ የሚታየው ከውስጡ ወጣ ሲሉ ነው። እንደ ጠያቂው ላለ የመርሐቤቴ ሰው ቅርቡ ምሳሌ ካርልሃይንዝ ቦም ናቸው። በ«ሲሲ» ፊልሞች ዝነኛ የሆኑት ተዋናይ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ቴሌቪዥን፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራበው አፍሪካዊ አንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን ቢያሸንፉም ቤታቸው አልተቀመጡም፤ የተዋጣውን ገንዘብ ይዘው በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጡ፤ «ሰዎች ለሰዎች»ንም መሠረቱ። ድርጅቱ በኤረር ሸለቆ ጀምሮ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ መርሐቤቴ ውስጥ ሠርቷል፤ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ከሥራዎቹ አንዱ ነው።

ከምቾት መውጣት ብቻውን ግን ትልቅ ነገር አይደለም። ወጥቶ ቶሎ የሚመለስ ብዙ ነው፤ እርሳቸውን የለያቸው መቆየታቸው ነው። ሲቆዩም ጥያቄያቸው ከራሳቸው ኑሮ አልፎ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻን ነካ። እንዲህ ያለውን ልማድ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ለመተው ይቸገራል፤ ልጃችን ባል ታጣለች ብሎ ይሰጋልና። መንደሩ ተመካክሮ በአንድነት ሲተወው ስጋቱ ይቀላል። ስለዚህ ጠያቂው የሚጠራጠሩትን ልማድ ለብቻቸው አያብሰልስሉት፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያንሱት።