መርዝ የነካው መሬት በውሃ አይጸዳም
ለኡኬና ለአንገር ሸለቆ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ

ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘው የኡኬ አካባቢ ሞቃትና ለም ነው። በቆሎው፣ ሰሊጡና ማንጎው በሚገባ ይበቅላል፤ አረሙና ተባዩም እንደዚሁ። በዚሁ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለው ሥፍራ፣ በ2002 ዓ.ም. ነጭ የማንጎ ስኬል የተባለው ተባይ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ ደግሞ የማንጎ ባለቤቶችም መርዝ መፈለግ ጀምረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስለ ርጭት ማስተማር አይደለም። መርዝ ፈሶበት ወይም ተከማችቶበት የተበላሸን መሬት መንደርተኛው በራሱ ጉልበት እንዴት ሊይዘው እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ አንድ አሮጌ መጋዘን ፈርሶ፣ ወለሉ ላይ የቀረው መርዝ ይሸት ነበር። ምክር በተጠየቅን ጊዜ «አጽዱት» ብለን ሄድን። ሰዎቹም በደቦ ወጥተው፣ ውሃ በጄሪካን አመላልሰው ወለሉን አጠቡት። እጣቢው በቦዩ ወርዶ ልጆች ከሚቀዱበት ጅረት ገባ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ማጽዳት ማለት ማጠብ አለመሆኑን መናገር የነበረብን እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልድሪንና ዲዲቲን የመሳሰሉት የድሮ መርዞች በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ከአፈሩ ጋር ተጣብቀው ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። አልድሪን አፈር ውስጥ ሲቆይ ዲልድሪን ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ስለሆነም መርዙ የሚጓዘው አፈሩ ሲጓዝ ነው፤ ጎርፍ አፈሩን ከወሰደ መርዙንም ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱም ወደ አንገር፣ ከዚያም ወደ ዴዴሳ ይወስደዋል። አፈሩን ከያዝነው መርዙን ያዝነው ማለት ነው።

አልድሪን በወለጋ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይም በማና ሲቡ በኩል፣ ምስጥን ለማጥፋት ኩይሳውን በዚህ መርዝ የመመረዝ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። መሬቱ ሣር አልባ በሆነበት ሁሉ ግን ምስጡ ተመልሶ መጣ። በሀገሪቱ መጋዘኖች ከተከማቸው ጊዜ ያለፈበት መርዝ ውስጥ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው በ1990ዎቹ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። የተላከው ግን በርሜሉና ዱቄቱ ነው፤ መርዝ የጠጣው አፈር እዚያው ቀርቷል።

መርዝ የፈሰሰበት ሥፍራ ሲገኝ በመጀመሪያ ደረጃ ማንም ሰው ዱቄቱን እንዳይጠርግ፣ ጠርሙሱን እንዳያነሳ፣ እንዳይቀብረውና እንዳያቃጥለው ያስፈልጋል። ጢሱ ራሱ መርዝ ነው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ የቀበሌው ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ሥፍራው በእሾህ አጥር ይታጠር። ከበላዩ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ሥፍራውን ሳይነካ እንዲያልፍ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ከታች በኩል፣ መርዙ ካልደረሰበት አፈር ላይ፣ ቬቲቨር ሣር በሁለት ረድፍ ይተከል። ይህ ሣር ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ አፈርን አጥብቆ ይይዛል፤ ዘሩም ተበትኖ ማሳ አያስቸግርም።

በታጠረው ሥፍራ ምንም ነገር አይዘራም። በተለይ ዱባ! ብዙ ሰው ዱባን «በቆሻሻ ላይ የሚያምር» እያለ ከፍርስራሽ ሥር ይተክለዋል፤ ነገር ግን ዲልድሪንን ከአፈር ስቦ ወደ ፍሬው በማስገባት ከብዙ አዝርዕት የሚብሰው ዱባ ነው። ዶሮም በዚያ አፈር እየጫረች ከለቀመች መርዙ በእንቁላሏ ይወጣል፤ ላም ከጋጠችበትም በወተቷ ስብ ውስጥ ይገኛል። ሴቶች በዚህ ጉዳይ ከወንዶቹ ይልቅ ቶሎ እንደሚረዱን አይተናል፤ እንቁላሉንና ወተቱን ለልጅ የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና።

ከዚህም ሌላ የጅረቱን ዳር ደን መጠበቅ ያሻል። ሾላው፣ ዋንዛውና ሽመሉ ባለበት ቦታ ከማሳ የሚወርደው ደለል ሣሩና ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። እስከ ውሃው አፍ ድረስ ከታረሰ ግን የሚያግደው ነገር የለም። ቢያንስ ሃያ እርምጃ ያህል ሳይታረስ እንዲቀር እንመክራለን። መሬት የጠበበው ገበሬ ይህ እንደሚከብደው እናውቃለን፤ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ መውሰድ ግን አይከለከልም።

አዲስ መርዝ የሚገዛም ሰው ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው፤ እጣቢውንም እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሮ ማሳው ላይ ይርጨው። ከዚያም ዕቃው ይበሳ። የተበሳ ጄሪካን ውሃ መቅጃ ወይም ዘይት መያዣ አይሆንም።

ቬቲቨር የሚተከለው ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ነው። ጉንድሉ ከሥሩ ተገንጥሎ፣ ቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶ ተቆርጦ፣ በየአራት ጣቱ ርቀት ይተከላል። በመጀመሪያው ክረምት ከብት እንዳይረግጠው መጠበቅ አለበት።