የመኪና ማርሽ ምን ይሠራል?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ የጭነት መኪና የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ አቀበቱን ይወጣል። አቀበቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የሚያዘግመው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ማርሹ ነው። በማርሹ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ብረቶች ተነካክሰው ይዞራሉ። 20 ጥርስ ያለው ትንሹ ብረት 3 ጊዜ ሲዞር፣ 60 ጥርስ ያለው ትልቁ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ ሲሶ ይሆናል፤ የማዞር ኃይሉ ግን ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ይህ ከባድ ማርሽ ይባላል። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ጎማው በዝግታ፣ ግን በኃይል ይገፋል።

ቁልቁለት ላይም ከባድ ማርሽ ያስፈልጋል። ጎማው ሞተሩን በግድ ስለሚያዞር፣ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደጋግመው ሲረግጡት ይግላል፤ በጣም ከጋለ አይዝም። መኪናው አንዴ ከተንደረደረ ደግሞ ማርሹ አልገባም ሊል ይችላል። ያኔ ሰውም ንብረትም ገደል ይገባል።

ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲያጓራ አትስጉ፤ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው። ይልቅ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሾፌሩን፣ «ከባድ ማርሽ አስገባ» በሉት።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ለምን ያሰጋል?